ከጉርድ ሾላ እስከ ሲኤምሲ፦ ትልቁን የትራፊክ ሞዴል ወደ ትንሹ የማሻገር ማስታወሻ

ሥራው ይህ ነው። የመላ አዲስ አበባ የትራፊክ ሞዴል አለ። ከተማውን በዞን ከፍሎ ጠዋት ከየት ወደ የት ስንት መኪና እንደሚሄድ ያሰላል። እኔ ደግሞ ከጉርድ ሾላ እስከ ሲኤምሲ ያለውን 4 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻ ነው የምፈልገው። ግን በቅርበት፤ እያንዳንዱ መኪና ሌን ሲቀይር፣ ታክሲ ሲቆም፣ ወረፋ ሲረዝም እስኪታይ ድረስ። ለዚህ ሱሞን መረጥኩ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚሠሩት ነጻ የትራፊክ ማስመሰያ (ሲሙሌሽን) ሶፍትዌር ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ የመረጥኩበት ምክንያት ግማሹ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ «ትልቁ» ስል የከተማውን ሞዴል፣ «ትንሹ» ስል የሱሞውን ማለቴ ነው። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥር 1–4፣ 2017

ትልቁ በፍላሽ መጣ። ሦስት ነገር አለው፦ የመንገድ ኔትወርክ፣ የጠዋት ፒክ ማትሪክስ (ከየትኛው ዞን ወደ የትኛው ስንት እንደሚሄድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ)፣ ስድስት ገጽ ሰነድ። ሰነዱ «መነሻ ዓመት 2012» ይላል። አምስት ዓመት ብቻ ነው ያረጀው፣ ጥሩ ነው ብዬ አለፍኩ። (በኋላ የጨመርኩት፦ የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው።)

ኔትወርኩን በኔትኮንቨርት አስገባሁት። ይህ ከሱሞ ጋር አብሮ የሚመጣ መሣሪያ ነው፤ ከሌላ ሶፍትዌር የወጣ ኔትወርክ ይቀበላል። ያለ ችግር አለፈ። ያለ ችግር ሲያልፍ ነው መጠርጠር። ከሳተላይት ምስል በላይ ስዘረጋው ዋናው መንገድ በሰው ግቢና በጣሪያ ላይ ይሄዳል። ከቦታው 200 ሜትር ገደማ ተንሸራቷል።

መጀመሪያ በእጄ ጎትቼ ላስተካክለው አሰብኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀሁበት። አንዱን ጫፍ ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ከዚያ አንድ የሰርቬየር ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ ሳቀብኝ። «አዲንዳን ነዋ!» አለኝ። አዲንዳን የድሮው የካርታ መለኪያ መሠረት ነው። የከተማችን አሮጌ ካርታዎች በሱ ነው የተሠሩት። ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሁለቱም ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ፍርግርግ) ዞን 37 ስለሚሉ ቁጥራቸው ይመሳሰላል፤ ስታየው ልክ ይመስልሃል። በኪውጂስ፣ በካርታ ሶፍትዌሩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀየርኩት። አምስት ደቂቃ። መንገዱ ከሰው ጣሪያ ወርዶ ቦታው ገባ።

ሌላ ቂል ስህተት፦ ትልቁ ፍጥነትን በኪሎ ሜትር በሰዓት ነው የሚጽፈው። ሱሞ የሚያነበው በሜትር በሰከንድ ነው። እኔ በራሴ ስክሪፕት የተወሰኑ ሊንኮችን (የመንገድ ቁራጮችን) ሳስገባ 50 ብዬ ተውኩት። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሱዙ አየሁ። ስክሪንሾት አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ፣ ከዚያ ለ3.6 አካፈልኩ።

ጥር 6 እና 7፣ ማክሰኞና ረቡዕ

ቆጠራ። ጥምቀት ከመድረሱ በፊት መጨረስ ነበረበት፤ የበዓል ሳምንት ትራፊክ ለምንም አይሆንም። 10 ተማሪ፣ ሁለት ጠዋት፣ በቀን 500 ብር። 10,000 ብር ወጣ። ሻይና ዳቦ ሌላ 1,400። የመኪና ዓይነት በአራት ተከፍሏል፦ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ የጭነት። በየ15 ደቂቃው አንድ መስመር።

ማታ ወረቀቶቹን አልጋ ላይ ዘረጋኋቸው። አንዱ «1:00–1:15» ብሎ ጽፏል። ሌላው «7:00–7:15»። ሁለቱም ያው ጠዋት ነው፤ አንዱ በእኛ ሰዓት፣ ሌላው ከስልኩ አይቶ በፈረንጅ ሰዓት ጽፎ ነው። ይህን ጠብቄ ነበር። ቅጹ ላይ «በሀገር ሰዓት» ብዬ ማተም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሱሞ ደግሞ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሰከንድ ነው የሚቆጥረው። ከእኩለ ሌሊት ብትነሳ የኛ ጠዋት 1 ሰዓት 25,200ኛው ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ሰከንድ የሚቀይር ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ።

አንድ ወረቀት ግን አልገባም አለኝ። እሱም «7:00» ይላል። ቁጥሩ ግን የጠዋት አይመስልም። ወደ መገናኛ የሚሄደውና ወደ አያት የሚሄደው እኩል ለእኩል ነው። ጠዋት እንደዚህ ሊሆን አይችልም፤ ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ወደ መሀል ከተማ ነው። ልጁ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ጠዋት ታክሲ አጥቼ አረፈድኩ። ከምሳ በኋላ ቆጠርኩት።»

7 ሰዓቱ በእኛው ሰዓት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። ትራፊክ ሊቆጥር የወጣ ልጅ በትራፊክ ምክንያት አልደረሰም። ልቆጣው ፈልጌ አልቻልኩም። ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 14፣ ያንን ነጥብ ራሴ ሄጄ ቆጠርኩ።

ጥር 15–20፦ ማትሪክሱን መቁረጥ

ትልቁ ማትሪክስ ለመላው ከተማ ነው። ለኔ የሚያስፈልገኝ በ4 ኪሎ ሜትሬ ውስጥ የሚያልፈው ብቻ ነው። ሰው ሲሰማው ቀላል ይመስለዋል፤ የማያስፈልገውን ዞን አጥፋ፣ አለቀ። አይደለም። ከአያት ተነስቶ ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው መነሻውም መድረሻውም ከኔ አካባቢ ውጭ ነው። መንገዴን የሚሞላው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ የሚፈለገው ማትሪክሱ ብቻ ሳይሆን ትልቁ ለእያንዳንዱ ጉዞ የመረጠው መስመር ነው። በካርታው ላይ አጥር አሰመርኩ። መስመሩ አጥሩን የሚቆርጥበት እያንዳንዱ ቦታ በር ሆነ፦ የመገናኛው በር፣ የአያቱ በር፣ በሰሜን ወደ ኮተቤ፣ በደቡብ ወደ ሰሚት የሚወጡት። ከውስጥ ዞኖች ጋር 14 ሆኑ። ስክሪፕቱ እያንዳንዱን መስመር ይዞ «በየት ገባ፣ በየት ወጣ» ብሎ ይደምራል።

የመጀመሪያው ውጤት ዋናው መንገድ ላይ ከትልቁ ራሱ በላይ አሳየኝ። ሁለት ቀን ፈለግኩት። ምክንያቱ፦ አንዳንድ መስመር በአንዱ በር ይወጣና በሌላው በር ተመልሶ ይገባል። እኔ የመጀመሪያውን መግቢያና የመጨረሻውን መውጫ ብቻ ነበር የያዝኩት። ስለዚህ በደቡብ በኩል ዞሮ የሚመጣው ሰው ሁሉ መሀል ለመሀል የሄደ ሆኖ ተቆጠረ። እንዲህ ያለውን ጉዞ ለሁለት ሰበርኩት። ተስተካከለ።

ቀጥሎ የዞኖቹ ጣጣ። ትልቁ ውስጥ አንድ ዞን አንድ ነጥብ ነው። ከነጥቡ ወደ መንገዱ ምናባዊ መስመር አለው፤ ስፋት የለው፣ ወረፋ የለው። ትንሹ ውስጥ ግን መኪና ከአየር ላይ አይወርድም፤ ከሆነ መንገድ መውጣት አለበት። ኔትኮንቨርት ያንን ምናባዊ መስመር በአቅራቢያው ካለው መንገድ ጋር አያያዘው። የአንድ ሙሉ ዞን 640 መኪና በሰዓት ከአንዲት የኮብልስቶን ቅያስ ይወጣል ተባለ። ቅያሷን አውቃታለሁ፤ ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ ወደኋላ ነው የሚመለሰው። ቅዳሜ በእግሬ ዞርኩና ከዞኑ የሚያስወጡ አምስት መንገዶች አገኘሁ። ኮንዶሚኒየሙ ያለበትን ትልቁን ድርሻ ሰጥቼ 640ውን ለአምስት አከፋፈልኩ። በእግር የተሠራው ሥራ ከኮዱ የበለጠ ጠቅሟል።

ጥር 21፦ ፒሲዩ

አጭር ግን ውድ ስህተት። የተቆረጠው ማትሪክስ ድምር 9,840 መጣ። እንዳለ መኪና አድርጌ ከተትኩት። መንገዱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ተዘጋ። ሰነዱን ደግሜ ሳይ፣ አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ አሃዱ ፒሲዩ ነው ይላል። ማለት አንድ አውቶቡስ እንደ ሁለት ተኩል የቤት መኪና ተቆጥሮ ነው ያለው። ሚኒባስ 1.5፣ ጭነት መኪና 2.5።

ከቆጠራው ያገኘሁት ድርሻ፦ የቤት መኪና 62 በመቶ፣ ሚኒባስ 25፣ አውቶቡስ 4፣ ጭነት 9። በአማካይ አንድ ተሽከርካሪ 1.32 ፒሲዩ ይሆናል። 9,840ን ለ1.32 ሲያካፍሉት 7,450 ገደማ ተሽከርካሪ። በዚህ ላይ የአምስት ዓመት ዕድገት ብዬ በ1.28 አባዛሁ፤ በዓመት 5 በመቶ። 9,540 ሆነ። ትንሹ እያንዳንዱን አውቶቡስ በርዝመቱ ስለሚያውቀው እዚያ ፒሲዩ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

ጥር 24–30፦ ወደ ግራ የሚታጠፉት

የመጀመሪያ ሙሉ ሙከራ። ዱአሮውተር የሚባለው የሱሞ መሣሪያ መስመሮቹን ሲያጣራ ቀይ ጽሑፍ በቀይ ጽሑፍ ላይ ደረደረው። ከዚህ መንገድ ወደዚያ መንገድ መገናኛ የለም፣ የለም፣ የለም። ከመስመሮቹ ሲሶ የሚሆኑት ተሰብረዋል።

ስህተቱን ራሱ የሚጠግን አማራጭ አለ። አበራሁት። ቀዩ ጠፋ። መኪኖቹም ሄዱ፤ ግን እየተዟዟሩ። ሁለት ዩተርን ላይ እንደ ገና ገበያ ተጨናነቁ። ወዲያው ተጸጸትኩ። ጠጋኙ ስህተቱን አላስተካከለውም፣ ደብቆታል። አጠፋሁትና የተሰበሩትን አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ይታጠፋሉ። እዚያ መታጠፍ አይቻልም። መሀሉ ላይ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ አለ፤ በግራና በቀኝ አጥር። ሰው እንኳ መሻገሪያ ፈልጎ ነው የሚሄደው።

ትልቁን የሠሩትን ሰዎች ማማት ጀመርኩ። እንዴት ሰው ባቡር አያይም? ኔትወርኩን ከፍቼ ሐዲዱን ፈለግኩ። የለም። የትም የለም። የሕዝብ ትራንስፖርት ዝርዝሩ ውስጥም ባቡር የሚባል ነገር የለም።

ሻይ ልጠጣ ወጥቼ መንገድ ላይ ነው የበራልኝ። ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው። ሞዴሉ የ2012 ከሆነ ባቡሩ አራት ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው፤ ሊረሱት አይችሉም። «2012» የፈረንጅ ነው! በእኛ 2004 ወይም 2005። ያኔ ባቡሩ ሥራ ላይ አልነበረም፣ ግራ መታጠፍም ይቻል ነበር። ሰዎቹ አልተሳሳቱም። ሰነዱ በአማርኛ ተጽፎ ዓመቱ «እ.ኤ.አ.» ስለማይል ነው የተሳሳትኩት። ያማኋቸውን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ጉዳቱ ግን ከግራ መታጠፍ ይሰፋል። አምስት ዓመት ያረጀ የመሰለኝ ማትሪክስ 13 ዓመት አርጅቷል። በዚያው 5 በመቶ ብንሄድ ማባዣው 1.28 ሳይሆን 1.89 ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም ቦታ እኩል አደገ ብለን ነው። ሰሚትና አያት ባለፉት 13 ዓመታት ያደጉትን ያየ ሰው በአንድ ቁጥር አያባዛም።

አማካሪዬ ጋ ሄድኩ። ማትሪክሱን ልጣለው ወይ አልኳቸው። «አትጣለው። ማን ወደ የት ይሄዳል የሚለውን ቅርጽ ከሱ ውሰድ፤ ብዛቱን ግን ከመንገዱ ውሰድ» አሉኝ። እንደዚያው አደረግኩ። ሐዲዱን፣ አጥሩንና ትክክለኛ ዩተርኖቹን አስገብቼ መስመሮቹን እንደገና አወጣሁ። ከዚያ ሩትሳምፕለር በሚባለው የሱሞ ስክሪፕት ከነዚያ መስመሮች መካከል ከቆጠራዬ ጋር እንዲስማማ አስመረጥኩት። 10,200 ተሽከርካሪ ወጣ።

የካቲት 3–8፦ የሚያምር ውሸት

ሙከራው ያለ ምንም ቀይ ጽሑፍ አለቀ። አማካይ ፍጥነት 31 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ደቂቃ። በጣም ደስ አለኝ። ለአንድ ሲኤምሲ ለሚኖር ጓደኛዬ ላክሁለት። የመለሰልኝ፦ «እና እኔ በየቀኑ የማረፍደው ለምንድን ነው?»

ልክ ነው። ያንን መንገድ ጠዋት በ9 ደቂቃ የጨረሰ የለም።

የማጠቃለያ ፋይሉን መስመር በመስመር አነበብኩ። ሁለት ነገር ተደብቆ ነበር።

አንደኛ፣ ቴሌፖርት። ሱሞ ውስጥ አንድ መኪና 300 ሰከንድ ከተቀረቀረ ከመንገዱ ይነሳና ወደፊት ሄዶ ክፍት ቦታ ላይ ይወርዳል። በነባሪ እንደዚያ ነው የተቀመጠው። 412 መኪና እንደዚህ በሯል። ጎዳናው ክፍት የሆነው የተጨናነቁት እየተነሱ ስለሆነ ነው። አጠፋሁት፤ አሁን የተቀረቀረ ይቀርቀር። በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ነገር ቆመ፣ የቆመበት ምክንያትም በዓይን ታየ። አንዱ ዩተርን ላይ ከውጭኛው ሌንም መዞር ይቻላል ብዬ ስዬ ነበር። ሲኖትራክ ከውጭ ሲዞር፣ የቤት መኪና ከውስጥ ሲዞር፣ ሁለቱ ተፋጠው ይቆማሉ። ማንም አይለቅም። ከውጭኛው ሌን መዞር ከለከልኩ። ተለቀቀ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ለመግባት የሚጠብቁ የሚል ዓምድ አለ። ከሙከራው መጨረሻ ላይ 1,870 ይላል። እነዚህ መኪኖች የመግቢያው መንገድ ስለሞላ ጨርሶ አልገቡም። በር ላይ፣ ከሞዴሉ ውጭ፣ በማይታይ ወረፋ ቆመዋል። አማካይ ፍጥነቱ ውስጥ የሉም። መዘግየቱ ውስጥም የሉም። በር ላይ ያሉትን ሳትቆጥር ውስጥ ያሉት ተመችቷቸዋል ብትል ማን ይከለክልሃል።

ትልቁ ይህን ችግር አያውቀውም። እሱ የጉዞ ጊዜን የሚያሰላው ቢፒአር በሚባለው የድሮ የአሜሪካ ቀመር ነው። በቀመሩ መንገድ አይሞላም፣ ይቀንሳል እንጂ። በሰዓት 2,400 ማሳለፍ የሚችል መንገድ ላይ 3,600 ብትጭንበት ሁሉም ያልፋሉ ይልሃል፤ ከባዶው መንገድ 76 በመቶ ብቻ ዘግይተው። ባዶ ሲሆን 4 ደቂቃ የሚፈጀው የኔ መንገድ 7 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ትንሹ ግን 3,600ውን «አልችልም» ይላል። የሁለቱ ጠብ ዋናው ይኸ ነው። ትልቁ የሚሰጠኝ መሄድ የሚፈልገውን ነው። ትንሹ የሚያሳየኝ ማለፍ የቻለውን ነው። በአንድ ስም ትራፊክ ብንላቸውም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቆጠራዬም ያው ነው። ወረፋ ውስጥ ቆሞ የሚቆጥር ልጅ የሚቆጥረው ያለፈውን ነው፤ ከኋላ የተሰለፈውን አያየውም።

የካቲት 10–16፦ ጊዜውን መቁረጥ፣ አጥሩን ማስፋት

ትልቁ ሰዓቱን አንድ ወጥ አድርጎ ነው የሚሰጥህ፤ በሰዓት ይህን ያህል። እኔም መኪኖቹን በእኩል ርቀት እያስገባሁ ነበር። ጠዋት እንደዚያ አይደለም። በቆጠራው መሠረት በየ15 ደቂቃው ከፈልኩት። ከጠዋቱ 1:15 እስከ 1:30 ያለው ሩብ ሰዓት ብቻውን ከሰዓቱ 29 በመቶ ይዟል።

ደግሞ መንገዱ 1 ሰዓት ላይ ባዶ ሆኖ አይጀምርም። ሙከራውን ከ12:15 አስጀመርኩትና የመጀመሪያውን 45 ደቂቃ ከውጤቱ አወጣሁ። መጨረሻውንም እስከ 3 ሰዓት ለቀቅኩት፣ የተሰለፈው እስኪያልፍ። የአያቱን በር ደግሞ በአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ወደኋላ ገፋሁት። ወረፋው አሁን ከሞዴሉ ውስጥ ነው የሚቆመው፤ ይታያል፣ ይለካል። በር ላይ የሚጠብቁት ከ1,870 ወደ 140 ወረዱ።

በዚህ መሀል መብራት ሄደ። ሦስት ሰዓት ተከታትለው የሠሩ ሙከራዎች ጠፉ። ከዚያ ወዲህ በየ30 ደቂቃው ሁኔታውን እንዲያስቀምጥ አድርጌዋለሁ። ራምም ጨመርኩ፤ ያገለገለ 8 ጊጋ፣ 4,200 ብር።

የካቲት 18–25፦ ሚኒባስ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሞዴሉ የጉዞ ጊዜ ገና 11 ደቂቃ ነው። ስንት ነው እውነቱ? አምስት ጠዋት ከሲኤምሲ በሚኒባስ እየተሳፈርኩ የስልኬን ጂፒኤስ ከፍቼ ሄድኩ። አማካዩ 17 ደቂቃ። መሳፈሪያው ካወጣሁት ወጪ ሁሉ ትንሹ ነው፣ የተገኘው ዳታ ግን ትልቁ።

ሦስተኛው ቀን ከረዳቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሩን በአንድ እጁ ይዞ ግማሽ አካሉ ውጭ ነው። «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል። አንዲት ሴት ከቅያስ እየሮጠች ስትመጣ አይቶ ጣሪያውን ሁለቴ መታ። ሹፌሩ ግማሽ ሌን ይዞ ቆመ። 14 ሰከንድ። ከኋላ ያለው ሃይገር ጥሩምባውን ነፋ፣ ሦስት የቤት መኪና ወደ መሀል ሌን ሊገቡ ታገሉ። 60 ሜትር ሄደን ደግመን ቆምን። በዚያ ጉዞ 11 ጊዜ ቆመናል፤ ፌርማታ ላይ የቆምነው አራቱን ብቻ ነው።

ይህ በትልቁ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይገባውም። የትንሹ ሥራ ነው። ለሚኒባሶቹ ከጂፒኤሱ ያገኘሁትን የመቆሚያ ቦታና ቆይታ ሰጠኋቸው፤ ከ6 እስከ 25 ሰከንድ፣ በዕጣ። ግማሽ ሌን ይዞ መቆምን ለማሳየት ደግሞ ሱሞ ሌኑን በቀጭን ቀጭኑ የሚከፍልበት አማራጭ አለ፤ 0.8 ሜትር አልኩት። አንድ ሙከራ ከ6 ደቂቃ ወደ 25 ደቂቃ ሄደ። የጉዞ ጊዜው ግን ከ11 ወደ 15.5 መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ያለው መንገድ የማውቀውን መንገድ መሰለኝ።

የካቲት 28 – መጋቢት 3፦ ጂኢኤች

ሞዴሉ ከቆጠራው ጋር መስማማቱን የምንለካው በጂኢኤች ነው። ጂኦፍሪ ሄቨርስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ያወጣው ቀመር ነው። ልዩነቱን በራሱ ታባዛለህ፣ በሁለት ታባዛለህ፣ ለሁለቱ ድምር ታካፍላለህ፣ ሩቱን ታወጣለህ። ከ5 በታች ጥሩ ነው። የተለመደው መስፈርት ከነጥቦቹ 85 በመቶው ከ5 በታች ይሁን ይላል።

ከ22 ነጥብ 12ቱ አለፉ። አንዱ የወደቀ፦ ቆጠራ 842፣ ሞዴል 1,010፣ ጂኢኤች 5.5። ሌላ ያለፈ፦ ቆጠራ 60፣ ሞዴል 90፣ ጂኢኤች 3.5። ሁለተኛው በ50 በመቶ ተሳስቶ ያልፋል፤ የመጀመሪያው በ20 በመቶ ይወድቃል። ቀመሩ የተሠራው ትንሽ መንገድ ላይ እንዳይጨክን ነው፤ ይገባኛል። ግን ያቺ ትንሽ መንገድ የትምህርት ቤት መግቢያ ነች። ስለዚህ ለትንንሾቹ መታጠፊያዎች ጂኢኤችን ትቼ ቁጥሩን በዓይኔ ነው የማየው።

የወደቁት አሥሩ ሁሉም ከደቡብ በሮች ጋር የተያያዙ ናቸው። ማትሪክሱ ሰሚትን የሚያውቀው በ2004 መልኩ ነው። የእነዚያን በሮች የመነሻ ድርሻ ከፍ አድርጌ ናሙናውን ደግሜ አስወጣሁ። 19 ከ22። 86 በመቶ። አለፈ።

መጋቢት 5–11፦ ወደ ላይ መመለስ

እስካሁን መረጃው ከትልቁ ወደ ትንሹ ብቻ ነው የወረደው። አሁን መመለስ አለበት። ትንሹ ያ መንገድ በሰዓት 2,400 ፒሲዩ እንደማያሳልፍ አሳይቷል፤ በሚኒባሶቹ መቆም የተነሳ 1,900 ገደማ ነው። (እዚህ ወደ ፒሲዩ መመለስ አለብኝ፤ ያንኑ ስህተት በተቃራኒው ልደግመው ጥቂት ነበር የቀረኝ።) አዲሱን አቅምና የዩተርኖቹን መዘግየት በሠንጠረዥ አወጣሁ። የትልቁ ሶፍትዌር ፈቃድ እኔ ጋ ስለሌለ ፋይሉን በፍላሽ እወስዳለሁ፣ እነሱ ያስኬዱልኛል፣ በማግሥቱ እወስዳለሁ።

የመጀመሪያው ዙር፦ ትልቁ መንገዱ እንደጠበበ ሲያውቅ መኪናውን ወደ ኮተቤ መንገድ አባረረው። የአያቱ በር ከ3,100 ወደ 2,050 ወረደ። ትንሹ ላይ ሳስኬደው መንገዱ ባዶ ሆነ፣ መዘግየት የለም አለ። ያንን መልሼ ስልከው ትልቁ «አሃ፣ ነጻ መንገድ» ብሎ 2,900 ላከ። ከዚያ 2,100። ዥዋዥዌ። በየዙሩ አንድ ቀንና አንድ የታክሲ ደርሶ መልስ።

መፍትሔው አዲስ አይደለም፣ የትራፊክ ምደባ መጽሐፍ ሁሉ ላይ አለ፤ እኔ ነኝ ቸኩዬ ያለፍኩት። አዲሱን ውጤት እንዳለ አትላክ፤ ከቀድሞው ጋር አማካዩን ውሰድ። በሁለተኛው ዙር የለውጡን ግማሽ፣ በሦስተኛው ሲሶውን፣ በአራተኛው ሩቡን። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። 2,540፣ ከዚያ 2,480፣ ከዚያ 2,500። ረጋ።

መጋቢት 12

አራተኛው ዙር ፍላሹ ላይ ነው። የቀሩኝ፦ የከሰዓት በኋላው ማትሪክስ ገና አልተነካም። መገናኛ አካባቢ በኮሪደር ልማቱ የተቀየረውን መንገድ ትልቁ ውስጥ ማስገባት አለባቸው፤ የኔ አጥር እዚያ አይደርስም፣ ግን ወረፋው ከዚያ ነው የሚመጣው። ቅጹ ላይም «በሀገር ሰዓት» እና «ዓ.ም.» የሚል አሳትሜያለሁ፤ 200 ቅጠል፣ 600 ብር።

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፍላሹን ማድረስ አለብኝ። ከቤት በ12 ሰዓት ካልወጣሁ አልደርስም።